የዋይታንጊ ውል፦ ሁለት ቋንቋ፣ ሁለት ቃል፣ አንድ መሬት

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አበው። አባባሉ ለጽሕፈት የተሰጠ ታላቅ ክብር ነው። ይሁን እንጂ አንድ ነገር በሁለት ቋንቋ ቢጻፍና ሁለቱ ጽሑፎች የተለያየ ነገር ቢናገሩ፣ የሚወረሰው የትኛው ነው? ይህን ጥያቄ እኛ ኢትዮጵያውያን በውጫሌ ውል አንቀጽ 17 ምክንያት ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ያደግን ነን። ብዙዎቻችን ልብ ያላልነው ግን ውጫሌ ከመፈረሙ 49 ዓመታት አስቀድሞ፣ ከእኛ እጅግ ርቆ በሚገኝ የደሴት አገር፣ የውጫሌ መንትያ ሊባል የሚችል ውል መፈረሙን፣ ፍጻሜው ግን ከእኛው ፈጽሞ የተለየ መሆኑን ነው። ያ ውል የዋይታንጊ ውል ይባላል። አገሩ ኒውዚላንድ፣ የአገሩ ባለቤት የማኦሪ ሕዝብ፣ ዘመኑም 1840 ነው። (ተለይቶ ካልተገለጠ በስተቀር በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቅኝ ግዛት ሲነሣ ወደ አእምሯችን ቀድሞ የሚመጣው መድፍና ጠመንጃ ነው። መድፍና ጠመንጃ በኒውዚላንድም አልጠፉም። ነገር ግን ከማኦሪዎች እጅ ከወጣው መሬት የሚበዛው የወጣው በጦር ሜዳ አይደለም፤ በብዕር፣ በማኅተም፣ በቀያሽ ሰንሰለትና በዳኛ ወንበር ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሕግ ራሱ እንዴት የመንጠቂያ መሣሪያ ሊሆን እንደሚችል፣ ያው በመንግሥት የተረገጠ ወረቀትም ባልረሳው ሕዝብ እጅ እንዴት ተመልሶ የመብት መሣሪያ ሊሆን እንደቻለ ለአንባቢያን ማሳየት ነው።

እትብት የተቀበረበት ምድር

የማኦሪ ሕዝብ አባቶች ከፓስፊክ ውቅያኖስ ደሴቶች በታላላቅ ታንኳዎች ተነሥተው ወደዚህች ምድር የደረሱት በ13ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ነው። በቋንቋቸው መሬት «ፌኑዋ» ይባላል። ይኸው ቃል የእንግዴ ልጅ መጠሪያም ነው። ሕፃን ሲወለድ የእንግዴ ልጁ በወገኖቹ መሬት ውስጥ ይቀበራል። አገሩን «እትብቴ የተቀበረበት» ብሎ ለሚጠራ ሕዝብ ይህ አስተሳሰብ ማብራሪያ አያሻውም። መሬቱ የአንድ ሰው ሸቀጥ ሳይሆን የጎሣው፣ የሞቱትና ገና ያልተወለዱትም ጭምር ነበር። አንድ ሰው በዚያ መሬት ላይ የማረስ፣ ከወንዙ ዓሣ የማጥመድ፣ ከደኑ የማደን መብት ነበረው፤ ነቅሎ ለባዕድ የመሸጥ መብት ግን አልነበረውም። የርስትን ሥርዓት የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህንንም በቀላሉ ይረዳዋል።

ኔዘርላንዳዊው መርከበኛ አቤል ታስማን በ1642፣ እንግሊዛዊው ጄምስ ኩክ ደግሞ በ1769 ወደ ደሴቶቹ ደረሱ። ከዚያ በኋላ ዓሣ ነባሪ አዳኞች፣ ነጋዴዎችና ከ1814 ጀምሮ የፕሮቴስታንት ሚስዮናውያን ተከታትለው መጡ። ከእነርሱ ጋር ጠመንጃ መጣ። የሰሜኑ አለቃ ሆንጊ ሂካ በ1820 እስከ እንግሊዝ ድረስ ተጉዞ ከንጉሥ ጆርጅ 4ኛ ጋር ከተገናኘ በኋላ፣ ሲመለስ ሲድኒ ላይ ብዙ ጠመንጃ ሰብስቦ ወደ አገሩ ገባ። ጠመንጃ ያለው ጎሣ የሌለውን የወጋበት ያ ዘመን ብዙ ሺህ ሰዎችን የፈጀ ነበር። የውጭ ኃይል ገና ሳይገባ የውስጥ ጠብ አጥሩን አስቀድሞ ነቅንቆት ነበር ማለት ይቻላል።

ሆኖም ማኦሪዎች ስለ ሉዓላዊነት የማያውቁ ሰዎች አልነበሩም። ጥቅምት 28 ቀን 1835፣ የእንግሊዝ ተወካይ ጄምስ በዝቢ ባለበት፣ 34 የሰሜን አለቆች የነፃነት መግለጫ ፈርመዋል። በዚያ መግለጫ የአገሩን የበላይ ሥልጣን ለመግለጽ የተመረጡት ቃላት «ኪንጊታንጋ» ማለትም ንግሥና፣ እና «ማና» የሚሉት ነበሩ። ማና የአንድ አለቃ ክብር፣ ሥልጣንና ግርማ በአንድ ላይ የሚጠቀለሉበት ቃል ነው። አንባቢ እነዚህን ሁለት ቃላት በአእምሮው እንዲይዝልኝ አደራ እላለሁ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ በወሳኙ ቦታ ላይ ስለማናገኛቸው ነው።

የአንድ ሌሊት ትርጉም

የእንግሊዝ መንግሥት በ1839 ካፒቴን ዊሊያም ሆብሰንን ወደ ኒውዚላንድ ላከ። የተጣለበት ተልእኮ የአገሩን ሉዓላዊነት በነዋሪዎቹ ፈቃድ መረከብ ነበር። ለችኮላው ምክንያት ነበረው። በለንደን የተቋቋመው የኒውዚላንድ ኩባንያ ሰፋሪዎችን በመርከብ ጭኖ መላክ ጀምሯል፤ ፈረንሳይም በደቡቡ ደሴት ላይ ዓይኗን ጥላለች። ሆብሰን ጥር 1840 መጨረሻ ላይ ደረሰ። የውሉ እንግሊዝኛ ረቂቅ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተዘጋጀና የካቲት 4 ቀን 1840 ለሚስዮናዊው ሄንሪ ዊሊያምስ ተሰጠ። ዊሊያምስና ልጁ ኤድዋርድ በዚያችው አንዲት ሌሊት ወደ ማኦሪ ቋንቋ ተረጎሙት። የአንድ ሕዝብ የወደፊት ዕጣ በአንድ አዳር ተተረጎመ።

ውሉ ሦስት አንቀጾች ብቻ ናቸው። በእንግሊዝኛው አንቀጽ 1 መሠረት አለቆቹ ሙሉ ሉዓላዊነታቸውን ለንግሥት ቪክቶሪያ ያስረክባሉ። በማኦሪኛው ጽሑፍ ግን የተሰጠው «ካዋናታንጋ» ነው። ይህ ቃል ከእንግሊዝኛው «ገቨርነር» ተወስዶ የተሠራ ሲሆን «ገዥነት» እንደ ማለት ነው። ማኦሪዎች ካዋና የሚለውን ቃል በሚያውቁት መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ያገኙት ጲላጦስን በመሰለ ሰው ላይ ነበር። ጲላጦስ ደግሞ ከበላዩ ሌላ ጌታ ያለው ሹም እንጂ የአገር ባለቤት አይደለም።

አንቀጽ 2 በእንግሊዝኛው ለማኦሪዎች መሬታቸውን፣ ደናቸውንና የዓሣ ማጥመጃቸውን ይዘው የመኖር መብት ያረጋግጥላቸዋል። የማኦሪኛው ቃል ግን ከዚህ እጅግ የላቀ ነው፤ በመሬታቸው፣ በመንደራቸውና ውድ በሆነው ሀብታቸው ሁሉ ላይ «ቲኖ ራንጋቲራታንጋ»፣ ማለትም ፍጹም አለቅነት እንደሚጸናላቸው ይናገራል። በዚሁ አንቀጽ እንግሊዝኛው መሬት ለመሸጥ ሲፈልጉ የመግዛት ቅድሚያ የዘውዱ ብቻ መሆኑን ይደነግጋል፤ በማኦሪኛው ይህ ብቸኛነት ጎልቶ አይታይም። አንቀጽ 3 ለማኦሪዎች የእንግሊዝ ተገዥዎች መብት ይሰጣል።

እንግዲህ አንባቢ ራሱ ይፍረድ። በ1835ቱ መግለጫ የበላይ ሥልጣንን ለመግለጽ ያገለገሉት ኪንጊታንጋና ማና የተባሉት ቃላት በ1840ው ውል ላይ ቢሰፍሩ ኖሮ፣ ማናውን አሳልፎ ለመስጠት የሚፈርም አለቃ ይገኝ ነበርን? ዊሊያምስ ሆን ብሎ አሳስቶ ነው ወይስ የተሻለ ቃል አጥቶ የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አላበቃም። በማኦሪዎች መካከል ብዙ ዓመት የኖረ፣ ቋንቋቸውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው እንደ ነበረ፣ ለቤተሰቡም ወደ 11 ሺህ ኤከር የሚደርስ መሬት በስሙ ይጠይቅ እንደ ነበረ ግን መዘንጋት አይገባም።

የካቲት 5 ቀን ቀኑን ሙሉ ክርክር ሆነ። ቴ ኬማራ የተባለው አለቃ መሬቱ ከእጁ መውጣቱን እያነሣ ገዥ አንፈልግም ሲል ተከራከረ። ታማቲ ዋካ ኔኔ ደግሞ ነጮቹ አስቀድመው ስለ ገቡ ሥርዓት የሚያስይዝ ገዥ ይሻላል በማለት ብዙዎችን አግባባ። በማግስቱ የካቲት 6 ሊፈረም ሲል የሚስዮኑ አታሚ ዊሊያም ኮሌንሶ ተነሥቶ፣ አለቆቹ የሚፈርሙት ነገር በእውነት ገብቷቸዋልን ሲል ጠየቀ። ሆብሰን ያልገባቸው እንደ ሆነ ጥፋቱ የእርሱ እንዳልሆነ፣ የሚቻለውንም እንዳደረገ መለሰ። ሆኔ ሄኬ በመጀመሪያ ፈረመ፤ በዚያ ዕለት ከ40 በላይ አለቆች ተከተሉት። ሆብሰንም እያንዳንዱን እየጨበጠ «አሁን አንድ ሕዝብ ነን» ይላቸው ነበር። በቀጣዮቹ ወራት የውሉ ቅጂዎች አገሩን ዞረው ሴቶች አለቆችን ጨምሮ ከ500 በላይ ፈራሚዎችን ሰበሰቡ። ከእነዚህ ሁሉ መካከል በእንግሊዝኛው ጽሑፍ ላይ የፈረሙት 39 ብቻ ናቸው። የቀሩት የፈረሙት ሉዓላዊነትን በማያስረክበው በማኦሪኛው ላይ ነው።

ሆብሰን ግን ፊርማው ተሰብስቦ እስኪያልቅ እንኳ አልጠበቀም። ግንቦት 21 ቀን 1840 በመላው አገር ላይ የእንግሊዝን ሉዓላዊነት አወጀ፤ የሰሜኑን ደሴት በውል፣ የደቡቡን ደግሞ «በግኝት» መብት። ሰው የሚኖርበትን አገር «አገኘሁት» ማለት የዘመኑ ሕግ ነበር።

ካይታያ በተባለው ስፍራ ኖፔራ ፓናካሬአኦ የተባለ አለቃ ስለዚህ ውል ሲናገር የመሬቱ ጥላ ወደ ንግሥቲቱ እንደ ሄደ፣ አካሉ ግን በእነርሱ ዘንድ እንደ ቀረ ገልጾ ነበር። ብዙም ሳይቆይ አካሉ ሄዶ የቀረልን ጥላው ነው ሲል ቃሉን ገለበጠው። ሆኔ ሄኬም ውሉን በመጀመሪያ የፈረመበትን እጅ መጥረቢያ አስጨበጠው፤ ከሐምሌ 1844 እስከ መጋቢት 1845 የእንግሊዝ ሰንደቅ የሚውለበለብበትን ምሰሶ አራት ጊዜ ቆረጠው።

መሬቱ በምን መንገድ ሄደ?

በ1840 የማኦሪዎች ቁጥር ወደ 80 ሺህ ይገመት ነበር፤ አውሮፓውያኑ 2 ሺህ ገደማ ብቻ ነበሩ። በ1858 አውሮፓውያኑ በቁጥር በለጡ። በ1896 የማኦሪዎች ቁጥር በበሽታና በድህነት ወደ 42 ሺህ ሲወርድ አውሮፓውያኑ 700 ሺህ ደርሰው ነበር። በአንድ የሰው ዕድሜ ውስጥ ባለቤቱ እንግዳ፣ እንግዳው ባለቤት ሆነ። መንገዶቹ ሦስት ነበሩ።

የመጀመሪያው ግዥ ነው። መሬት የመግዛት መብት የዘውዱ ብቻ በመሆኑ ማኦሪው የሚሸጥለት ሌላ ገዥ አልነበረውም፤ ስለዚህ ዋጋውን የሚቆርጠው መንግሥት ነበር። መንግሥት በርካሽ ይገዛል፣ ለሰፋሪ በውድ ይሸጣል፤ በትርፉ መንገድ ይሠራል፣ ተጨማሪ ሰፋሪ ያስመጣል። በ1848 ከደቡቡ ደሴት ከ13 ሚሊዮን ኤከር በላይ መሬት ከንጋይ ታሁ ሕዝብ የተገዛው በ2 ሺህ ፓውንድ ነው። ለባለቤቶቹ ይከለላል፣ ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤትም ይሠራላችኋል ተብሎ የተገባው ቃል አልተፈጸመም። በ1864 መላው የደቡብ ደሴት ከጥቂት ቁራሽ በስተቀር ከእጃቸው ወጥቶ ነበር።

ሁለተኛው ጦርነትና ውርስ ነው። መሬት አንሸጥም ያሉ ጎሣዎች በ1858 ፖታታው ቴ ፌሮፌሮን ንጉሥ አድርገው አነገሡ። እንግሊዝ ንግሥት ካላት እኛም ንጉሥ ይኑረን፣ መሬታችንንም በእርሱ ጥላ ሥር እናስጠብቅ የሚል አሳብ ነበር። ገዥው ጆርጅ ግሬይ ይህን እንደ አመፅ ቆጥሮ ሐምሌ 1863 በዋይካቶ ላይ ዘመተ፤ ዘመቻው ሲጠናቀቅ ከ12 ሺህ በላይ ወታደር ተሰልፎ ነበር። በዚያው ዓመት የወጣው የሰፈራ ሕግ «ያመፁ» ጎሣዎችን መሬት እንዲወረስ ፈቀደ። ከዋይካቶ ብቻ 1.2 ሚሊዮን ኤከር ተወረሰ፤ ይህ በእኛ አገር ልኬት ወደ 12 ሺህ ጋሻ ነው። ከመንግሥት ጎን የቆሙ ሰዎች መሬትም አብሮ ተጠርጓል። በአማርኛችን «መወረስ» የሚለው ቃል ሁለት ፊት አለው፤ ልጅ የአባቱን ይወርሳል፣ መንግሥትም የዜጋውን ይወርሳል። ማኦሪዎች በዚያ ዘመን የቀመሱት ሁለተኛውን ነው።

ሦስተኛው መንገድ ፍርድ ቤት ነው። በ1865 ሕግ የተጠናከረው የአገሬው ተወላጆች የመሬት ፍርድ ቤት የጋራ የሆነውን የጎሣ መሬት ወደ ግል ይዞታ የሚለውጥ ተቋም ነበር። አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ተነሥቶ ይህ መሬት ይጣራልኝ ብሎ ቢያመለክት የጎሣው ሰዎች በሙሉ መቅረብ ይገደዳሉ፤ ያልቀረበ መብቱን ያጣል። ችሎቱ ከመንደራቸው በራቀ ከተማ ይሰየማል። ሰዎቹ እርሻቸውን ትተው ሳምንታትና ወራት በድንኳን ይከርማሉ፤ ምግብና ልብስ ከከተማው ነጋዴ በዱቤ ይወስዳሉ። መሬቱ መቀየስ ስላለበት የቀያሹን ዋጋ እነርሱ ይከፍላሉ። ገንዘብ የሌለው ከመሬቱ ላይ ቆርሶ ይከፍላል። በመጨረሻም የባለቤትነት ደብተሩ ላይ የሚሰፍረው ከ10 የማይበልጥ ሰው ስም ነው። መቶ ወይም ሁለት መቶ ሰው የሚኖርበት መሬት በሕግ ፊት የአሥር ሰዎች የግል ንብረት ይሆናል። እነዚያ አሥሩ ዕዳ ሲይዛቸው ይሸጣሉ፤ የቀሩት በአባቶቻቸው መቃብር ላይ ቆመው ባዕድ ይባላሉ። በማን ላይ ይከሰሳል? ሁሉም በሕግ ተፈጽሟል። ጥይት አልተተኮሰም፣ ቤት አልተቃጠለም። ዳኛው ፈርሟል፣ ቀያሹ ለክቷል፣ ነጋዴው ዕዳውን ተቀብሏል።

ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ለጮኹትም መልሱ በ1877 ተሰጠ። ዋናው ዳኛ ጄምስ ፕሬንደርጋስት ሉዓላዊነትን ከማስረከብ አኳያ የዋይታንጊ ውል እንደሌለ የሚቆጠር ከንቱ ነው ሲል ፈረደ። ልብ እንበል፤ እንግሊዝ በዚያች አገር የቆመችበት የሥልጣን ምንጭ ነው ተብሎ የታወጀው ውል፣ ተፈራራሚው ወገን መብቱን ሲጠይቅበት ከንቱ ወረቀት ሆነ።

በተነጠቀ መሬት ላይ የተሠራው ኅብረተሰብ

ፍትሐዊ ሆነን ብንመለከት በዚያ መሬት ላይ የሰፈሩት ሰዎች አብዛኞቹ ጌቶች አልነበሩም። ከስኮትላንድ ደጋ ከመሬታቸው የተፈናቀሉ ገበሬዎች፣ ከአየርላንድ ረሃብ ያመለጡ፣ በእንግሊዝ ፋብሪካ ጉልበታቸው ያለቀ ድሆች ነበሩ። ሰፈራን በንድፈ አሳብ ያቀነባበረው ኤድዋርድ ጊበን ዌክፊልድ መሬት በውድ ይሸጥ፣ ድሃው ሠራተኛም ለዓመታት ደመወዝተኛ ሆኖ ይቆይ የሚል ሰው ነበር። በአገሩ መሬት አልባ የሆነው ሰው የሌላውን ሕዝብ መሬት አልባ የሚያደርግ መሣሪያ ሆነ። ቅኝ ግዛት ካሉት ምሥጢሮች አንዱ ይህ ነው፤ የድሃውን ችግር በሌላ ድሃ ኪሣራ መፍታት።

እነዚህ ሰፋሪዎች የመሠረቱት ኅብረተሰብ በብዙ ረገድ ለዓለም ምሳሌ ተባለ። ኒውዚላንድ በ1893 ለሴቶች የመምረጥ መብት በመስጠት ከዓለም አገሮች ሁሉ ቀደመች፤ የማኦሪ ሴቶችም በዚሁ ሕግ መርጠዋል። በ1898 ለአረጋውያን ጡረታ ደነገገች። ይህን ያደረገው የሊበራሎች መንግሥት ታዲያ ለሰፋሪው ገበሬ ብድርና መሬት ለማደል ሲል ከማኦሪዎች እጅ ሚሊዮኖች ኤከር በጥድፊያ የገዛው ያው መንግሥት ነው። የ1852ቱ ሕገ መንግሥት የመምረጥ መብትን ከግል ንብረት ጋር ስላሰረው መሬቱን በጋራ የያዘው ማኦሪ በገዛ አገሩ ድምፅ አልባ ሆኖ ነበር። በ1867 ለማኦሪዎች በፓርላማ አራት ወንበሮች ተለዩላቸው፤ በሕዝብ ብዛታቸው ቢሆን ኖሮ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይገባቸው ነበር። በዚሁ ዓመት የወጣው የትምህርት ሕግ የማኦሪ ልጆች በእንግሊዝኛ እንዲማሩ ደነገገ። በኋለኞቹ ዓመታት በቋንቋው የተናገረ ልጅ በትምህርት ቤት ይገረፍ ነበር።

ዲሞክራሲና ንጥቂያ በአንድ ቤት ውስጥ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ። በስደት በምንኖርባቸው አገሮች የምናደንቀው ነፃነት የቆመበት መሬት የማን እንደነበር መጠየቅ ይህን እውነት ለመረዳት ይጠቅመናል። ከእኛ ብዙዎቹ የሚኖሩባት አሜሪካ ራሷ ከአገሬው ሕዝቦች ጋር በመቶዎች የሚቆጠሩ ውሎች ፈርማ ያፈረሰች አገር ናት።

ማረሻ ይዘው የተሰለፉ ሰዎች

በምዕራቡ የታራናኪ ምድር ፓሪሃካ የምትባል መንደር ነበረች። መሪዎቿ ቴ ፊቲ ኦ ሮንጎማይ እና ቶሁ ካካሂ የተወረሰው መሬት ለሰፋሪ ሊታደል ሲል የመረጡት መንገድ ጦር መስበቅ አልነበረም። በ1879 ሰዎቻቸውን በሬና ማረሻ አስይዘው ወደ ሰፋሪዎቹ መሬት ላኳቸውና መሬቱን አረሱት። አራሾቹ ሲታሰሩ ሌሎች ይተኳቸዋል፤ እነዚያም ሲታሰሩ ሌሎች ይከተላሉ። መንግሥት ያለ ፍርድ አስሮ የሚያቆይ ልዩ ሕግ አውጥቶ በመቶዎች የሚቆጠሩትን በባሕር ተሻግረው ወዳለው የደቡብ ደሴት ወህኒ ቤቶች ላካቸው።

ኅዳር 5 ቀን 1881 ሚኒስትሩ ጆን ብራይስ 1,600 ያህል የታጠቁ ሰዎችን እየመራ መንደሪቱን ከበበ። የተቀበሏቸው እየዘፈኑ መንገድ የዘጉ ሕፃናትና ዳቦ ያቀረቡ ሴቶች ነበሩ። ቴ ፊቲና ቶሁ ሳይታገሉ ተያዙ፤ ለፍርድ ሳይቀርቡም እስከ 1883 ድረስ ታግተው ቆዩ። ቤቶች ፈረሱ፣ አዝመራ ጠፋ፣ ሴቶች ተደፈሩ። ይህ የሆነው ማኅተማ ጋንዲ ገና የ12 ዓመት ልጅ በነበረበት ጊዜ ነው። የኒውዚላንድ መንግሥት ለፓሪሃካ በይፋ ይቅርታ የጠየቀው በ2017 ነው።

ከ1840 በኋላ የተነሣው እያንዳንዱ ትውልድ ውሉን ይዞ ጮኋል። በ1884 የማኦሪው ንጉሥ ታፊያኦ አቤቱታውን ለንግሥት ቪክቶሪያ ለማቅረብ እስከ ለንደን ተጓዘ፤ ንግሥቲቱ አላነጋገረችውም፤ ጉዳዩም ወደሚከሰሰው ወደ ኒውዚላንድ መንግሥት ተመለሰ። በ1924 ታሁፖቲኪ ዊሬሙ ራታና ተመሳሳይ አቤቱታ ይዞ ሄዶ ንጉሥ ጆርጅ 5ኛን ሳያገኝ ተመለሰ። ውሉ በአያቶች አፍ ሲነገር፣ በሸንጎ ሲነሣ ኖረ። እነሆ የአበው አባባል በዚህ ስፍራ ተገለበጠ፤ በጽሑፍ ያለውን መንግሥት ካደው፣ በቃል ያለውን ሕዝብ ጠበቀው።

ያልረሳ ሕዝብ

መስከረም 14 ቀን 1975 የ79 ዓመቷ አሮጊት ፊና ኩፐር ከሰሜኑ ጫፍ ተነሥተው «አንድ ኤከር እንኳ ከእንግዲህ አይወሰድም» በሚል መፈክር በእግር ወደ ዋና ከተማዋ ዌሊንግተን ጉዞ ጀመሩ። ከአንድ ወር ጉዞ በኋላ ጥቅምት 13 ቀን ፓርላማ ሲደርሱ ሰልፈኛው ወደ 5 ሺህ ደርሶ ነበር። በዚያው ዓመት የዋይታንጊ ሸንጎ የተባለው መርማሪ አካል በሕግ ተቋቋመ። በመጀመሪያ ሊመረምር የሚችለው ከ1975 ወዲህ የተፈጸመውን ብቻ ነበር፤ በ1985 ሥልጣኑ እስከ 1840 ድረስ ወደ ኋላ ተዘረጋ። በኦክላንድ ባስትዮን ፖይንት የተባለውን መሬት ለ506 ቀናት ይዘው የቆዩት ሰዎች ግንቦት 25 ቀን 1978 በፖሊስ ተባርረው 222 ቢታሰሩም፣ ኋላ ሸንጎው ፈርዶላቸው መሬቱ ተመልሶላቸዋል።

በ1987 ማኦሪኛ የአገሪቱ ይፋ ቋንቋ ሆነ። በ1995 ለዋይካቶ ሕዝብ 170 ሚሊዮን የኒውዚላንድ ዶላር ካሣ ሲወሰን፣ ይቅርታ የያዘውን ሕግ ንግሥት ኤልሳቤጥ 2ኛ እዚያው ኒውዚላንድ ተገኝተው በገዛ እጃቸው ፈረሙ። ንጉሥ ታፊያኦ በቪክቶሪያ ደጅ የተነፈገውን የልጅ ልጆቹ ከ111 ዓመታት በኋላ በአገራቸው ተቀበሉት። በ1998 ንጋይ ታሁም ይኸንኑ ያህል ተቀበለ። ገንዘቡ ከጠፋው ሀብት አንጻር እፍኝ መሆኑን ማንም አይክድም። በ2014 ደግሞ ሸንጎው የካቲት 1840 የፈረሙት የሰሜን አለቆች ሉዓላዊነታቸውን አላስረከቡም ሲል ደመደመ። የአንዲት ሌሊት ትርጉም ለመታረም 174 ዓመታት ፈጀ።

ትግሉ ግን አላበቃም። በ2024 የውሉን መርሖች በአዲስ አዋጅ ለመተርጎም የቀረበው ረቂቅ ሕግ ከፍተኛ ቁጣ አስነሣ። ኅዳር 19 ቀን 2024 በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ማኦሪና ነጭ ሳይል እንደገና ወደ ፓርላማ ተመመ። ረቂቁ ሚያዝያ 10 ቀን 2025 በ112 ተቃውሞ፣ በ11 ድጋፍ ወደቀ።

ከውጫሌ ማዶ

ወደ ራሳችን ታሪክ ስንመለስ ንጽጽሩ ሳይታሰብ ይመጣል። በ1889 በተፈረመው በውጫሌ ውል አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር በኢጣሊያ አማካይነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ሲል፣ ኢጣሊያንኛው ግዴታ አደረገው። አፄ ምኒልክ ተንኰሉን ያወቁት ለአውሮፓ ነገሥታት በጻፉት ደብዳቤ መልስ ሲሆን፣ ግንኙነቱ በኢጣሊያ በኩል መሆን እንዳለበት ካሳወቋቸው አንዷ ያችው ንግሥት ቪክቶሪያ ነበረች። ምኒልክ በ1893 ውሉን ማፍረሳቸውን ለዓለም አሳወቁ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ደግሞ አድዋ ላይ የአንቀጽ 17 ትርጉም በማያሻማ ቋንቋ ተነበበ።

ልዩነቱ ኢትዮጵያውያን ከማኦሪዎች ይልቅ ብልህ ወይም ጀግና ስለሆኑ አይደለም። የማኦሪዎችን ጀግንነት ከነርሱ ጋር የተዋጉት የእንግሊዝ መኮንኖች ራሳቸው መስክረዋል። እኛ የራሳችን ፊደል፣ ከነገሥታት ጋር የሚጻጻፍ መንግሥት፣ በአንድ ጥሪ የሚከት ሠራዊት ነበረን። ከሁሉም በላይ ሰፋሪው በቁጥር ከመብለጡ በፊት ደረስንበት። ኢጣሊያም በኤርትራ ደጋ የገበሬውን መሬት ወስዳ የራሷን ገበሬዎች ማስፈር ጀምራ ነበር፤ በ1894 ደጃዝማች ባሕታ ሐጎስ የተነሡት በዚህ ምክንያት ነው። አድዋ ባይኖር ኖሮ ይህ ጽሑፍ ስለ ኒውዚላንድ ሳይሆን ስለ ሐማሴንና ስለ አካለ ጉዛይ ይሆን ነበር።

ይሁንና ከዚህ ታሪክ የምንወስደው የአድዋን ኩራት ብቻ ከሆነ ትምህርቱ ግማሽ ነው። በዚያው ዘመን በደቡብ የአገራችን ክፍል መሬት በቀላድ ተለክቶ ለዘማች ተታድሏል፤ ባለ መሬቱም ገባር ተብሏል። ሁኔታው ከባሕር ማዶ ሰፈራ ይለያል፤ የተለካበት ሰው ሕመም ግን ከማኦሪው ሕመም ብዙ አይርቅም። በሕግ ስም የተወሰደ መሬት «በሕግ ነው የተወሰደው» በሚል መልስ ተዘግቶ አይቀርም። ልጆቹ ያነሡታል፤ ካልተሰሙ የልጅ ልጆቹ ያነሡታል። የባለሥልጣኑ ፊርማ የሚቆየው ሥልጣኑ እስከቆየ ድረስ ነው፤ የተበደለ ሰው ትዝታ ግን ከዙፋን ይረዝማል።

ማኦሪዎች ከ1840 ጀምሮ ጦርነት ተሸንፈዋል፣ ፍርድ ቤት ተሸንፈዋል፣ በምርጫ ተሸንፈዋል። ያልተሸነፉት አንድ ነገር ላይ ብቻ ነው፤ በገዛ ቋንቋቸው ምን እንደፈረሙ አልረሱም። በስደትም በአገር ቤትም ላለን፣ የራሳችንን ዘመን በደል በየቀኑ ለምናይ ሰዎች፣ ከዚህ የሚበልጥ የቤት ሥራ የለንም። የተደረገውን በስሙ፣ በቀኑና በቦታው እንጻፍ፤ በምንናገረው ቋንቋ ሁሉ አንድ ዓይነት ቃል እንጻፍ፤ ለልጆቻችንም በቃል እናስጠና። በመጽሐፍ ያለ የሚወረሰው የሚያነብለትና የሚመሰክርለት ሰው ሲኖር ነው።